በእርሳስ ማኅተሞች ላይ የወጣው ነጭ ዱቄትና አዲሱ የማሳያ ሣጥን

ጥያቄ፦ በአነስተኛ ሙዚየማችን የእርሳስ ማኅተሞችና የመዳብ ሳንቲሞች ከኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫ ተጨምቆ ከሚሠራ ጣውላ) ተሠርቶ መስታወት በተገጠመለት የማሳያ ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። ሣጥኑ ከተሠራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁን ማኅተሞቹ ላይ ነጭ ዱቄት ወጥቷል። በእጅ በሚያዝ ኤክስ አር ኤፍ (በኤክስሬይ ንጥረ ነገሮችን የሚለይ መሣሪያ) ስናየው «እርሳስ» ከማለት በቀር ምንም አልነገረንም። አዲስ ሣጥን ልናሠራ ነው። አቅራቢው ጣውላው የኢ1 ማረጋገጫ እንዳለው፣ ሲሊኮኑም ሽታ አልባ እንደሆነ ነግሮናል። ይህ ይበቃል? ካልበቃ በአንድ የማስተማሪያ ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ አቅም ምን መፈተን እንችላለን?

መልስ፦

አይበቃም። ኢ1 የተዘጋጀው ለሰው ጤና ነው። ከጣውላው የሚወጣው ፎርማልዴሃይድ በመፈተሻ ክፍል አየር ውስጥ ከ0.1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ አሥረኛ ክፍል) ገደማ እንዳይበልጥ ያረጋግጣል፤ ሌላ ጋዝ አይለካም። የእርሳስ ዋና ጠላት ግን አሴቲክ አሲድ ነው፣ ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያሰኘው። ይህ አሲድ ከማጣበቂያው ብቻ አይመጣም። እንጨት ውስጥ ያለው ሄሚሴሉሎስ የአሴቲል ቡድኖችን ይዟል፤ እርጥበት እነዚህን እየቆረጠ አሲዱን ይለቅቀዋል። ኤምዲኤፍ ቃጫው በእንፋሎትና በግለት ተፈጭቶና ተጨምቆ የሚሠራ ስለሆነ ይህ መቆራረጥ ገና በፋብሪካ ይጀምራል። ማጣበቂያው የቱንም ያህል ቢሻሻል እንጨቱ አሲዱን መስጠቱን አይተውም። ኢ1 ያለው ጣውላ ሠራተኞቻችሁን አይጎዳም ይሆናል፤ ማኅተሞቹን ግን ይበላል።

ከሁሉ በፊት ማኅተሞቹን ከሣጥኑ ያውጡ። ዱቄቱ የእርሳስ ውህድ ነው፣ መርዛማ ነው። ናይትራይል ጓንት ይልበሱ፣ በደረቅ ብሩሽ አይጥረጉ፣ በአፍ አይንፉ። እያንዳንዱን ማኅተም ከአሲድ ነጻ በሆነ ወረቀት ላይ አስተኝተው ክዳን ባለው የፖሊኢትሊን ወይም የፖሊፕሮፒሊን ዕቃ ውስጥ ያኑሩት፤ አጠገቡም የደረቀ ሲሊካ ጄል ያስቀምጡ። በካርቶን ወይም በእንጨት መሳቢያ ውስጥ ማቆየት ከአንድ አሲድ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። የሚያምር ሆኖ እንዲታይ ብሎ በውኃ ማጠብ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ከአዮን የጸዳ ውኃ ሳይቀር ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ እርሳስን ያሟሟል።

አሁን ዱቄቱ። ኤክስ አር ኤፍ አልዋሸም፣ ማየት የማይችለውን ነው የጠየቃችሁት። ካርቦን፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የሚሰጡት ኤክስሬይ በጣም ደካማ ስለሆነ አየሩና የመሣሪያው መስኮት ይውጡታል። ለመሣሪያው እርሳስ ካርቦኔት፣ እርሳስ ፎርሜት፣ እርሳስ ኦክሳይድና ጤነኛው ብረት ሁሉም አንድ ናቸው። የሚያስፈልጋችሁ ሞለኪውሉን የሚያይ መሣሪያ ነው። የማስተማሪያ ቤተ ሙከራው ኤፍ ቲ አይ አር (ሞለኪውልን በሚውጠው የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለይ መሣሪያ) ካለው ይበቃል፤ ዱቄቱን እንዳለ ለመለካት የሚያስችለው ኤቲአር የሚባለው ክፍል ይኑረው። በማጉያ መነጽር እያዩ፣ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ስንጥር፣ ከማይታይ ቦታ ላይ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ዱቄት ይውሰዱ። ከሥር ያለውን ብረት እንዳይቧጥጡ። የተወሰደበትን ቦታ ፎቶ አንሡና መዝግቡ።

መሣሪያው በሚያወጣው ግራፍ (ስፔክትረም) ላይ የሚከተሉትን ጉብታዎች (ፒኮች) ይፈልጉ፤ ቁጥሮቹ በሴንቲ ሜትር የሞገድ ብዛት ናቸው። ሃይድሮሴሩሳይት የሚባለው መሠረታዊ የእርሳስ ካርቦኔት 3535 አካባቢ ቀጭን የሃይድሮክሲል ፒክ፣ 1400 አካባቢ ሰፊና ጠንካራ ፒክ፣ ከዚያም 1045 እና 680 አካባቢ ትናንሽ ፒኮች ይሰጣል። እርሳስ ፎርሜትና እርሳስ አሴቴት ደግሞ ከ1500 እስከ 1570 ባለው ክልል ውስጥ ጠንካራ የካርቦክሲሌት ፒክ አላቸው። ያ ክልል ባዶ ከሆነና 1400 ላይ ሰፊው ፒክ ከቆመ ካርቦኔት ነው። ራማን (ሞለኪውልን በሌዘር የሚለይ መሣሪያ) ካላችሁ ሃይድሮሴሩሳይት 1050 አካባቢ ግልጽ ምልክት ያሳያል። ሌዘሩን ግን በዝቅተኛ ኃይል ይጀምሩ። ነጩ ውህድ ከተቃጠለ ወደ ቢጫና ቀይ የእርሳስ ኦክሳይድ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ የምታነቡት የራሳችሁን ሥራ እንጂ የዕቃውን አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውጤቱ «ካርቦኔት» ሲል፣ «እንግዲህ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የመጣ ነው፣ ሣጥኑ ነጻ ነው» ይባላል። ስህተት ነው። አሴቲክ አሲድ እርሳሱን ከእርጥበትና ከኦክስጅን ጋር ሆኖ ወደ አሴቴት ይለውጠዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይመጡና አሴቴቱን ወደ መሠረታዊ ካርቦኔት ይቀይሩታል፤ በዚህ ጊዜ አሲዱ ነጻ ይወጣና ወደ ቀጣዩ ብረት ይሄዳል። ጥቂት አሲድ ብዙ እርሳስ ይበላል፣ ራሱ ግን አያልቅም። ነጭ የእርሳስ ቀለም ለዘመናት የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ የእርሳስ ቁርጥራጭ ኮምጣጤ ባለበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ከኮምጣጤው በላይ ተደርጎ፣ ማሰሮዎቹ በፋንድያ ይቀበራሉ። ፋንድያው ሙቀትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፣ ከሳምንታት በኋላ ብረቱ ነጭ ይሆናል። ሣጥናችሁ ሳታስቡት ያቺን ማሰሮ ሆኗል። ስለዚህ ካርቦኔት መገኘቱ አሲዱን ነጻ አያወጣውም። ተሳትፎውን ለማረጋገጥ ጥቂት ዱቄት በውኃ አዋህዳችሁ ፈሳሹን አጣርታችሁ በአዮን ክሮማቶግራፊ (በፈሳሽ ውስጥ የሟሙ አዮኖችን ለይቶ በሚለካ መሣሪያ) አሴቴትና ፎርሜት ፈልጉ። መሣሪያው በቅርብ ከሌለ የሣጥኑን አየር መፈተኑ ይሻላል።

የአየሩ ፈተና ቀላሉ ዘዴ ኤ-ዲ ስትሪፕ የሚባሉት ወረቀቶች ናቸው። ለአሮጌ የአሴቴት ፊልሞች የተሠሩ ሲሆኑ ብሮሞክሬዞል ግሪን ይዘዋል። ሰማያዊ ሆነው ይጀምራሉ፤ አሲድ ሲያገኙ ወደ አረንጓዴ፣ ሲበዛም ወደ ቢጫ ይሄዳሉ። ባዶውን ሣጥን ዘግታችሁ አንዱን ውስጥ፣ ሌላውን ከሣጥኑ ውጭ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጡ፤ ልዩነታቸውን ነው የምታነቡት። ቁጥር ካስፈለጋችሁ በፖታስየም ሃይድሮክሳይድ የተነከረ ማጣሪያ የያዘ ቱቦ ለሳምንታት ተንጠልጥሎ በአዮን ክሮማቶግራፊ ይለካል።

ወደ አዲሱ ሣጥን እንምጣ። የሚያስፈልጋችሁ የኦዲ ሙከራ ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም ይሠራ የነበረው አንድሪው ኦዲ እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረበው ሲሆን፣ አሳቡ የታሪካዊውን ዕቃ ቦታ የሚወስድ ንጹሕ ብረት ከሚፈተነው ቁስ ጋር በሙቀትና በእርጥበት ዘግቶ ማየት ነው። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ብረት የየራሱ ቱቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሦስቱም ብረቶች በአንድ ቱቦ የሚገቡበት አሠራር ታተመ፣ ዛሬ በብዛት የሚሠራበትም እሱ ነው። ብር ለሰልፈር ጋዞች፣ እርሳስ ለአሲዶችና ለአልዴሃይድ፣ መዳብ ለክሎራይድ፣ ለሰልፈርና ለሌሎችም ይመሰክራሉ።

ለአንድ ቱቦ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የቦሮሲሊኬት መስታወት ቱቦ፣ የሲሊኮን ውታፍ፣ 2 ግራም የሚፈተን ቁስ፣ ከ1 ሚሊ ሊትር ያነሰች ትንሽ የመስታወት ቱቦ፣ 0.5 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ፣ የጥጥ ቁራጭ፣ ቢያንስ 99.5 በመቶ ንጹሕ የሆኑ የብር፣ የመዳብና የእርሳስ ስስ ሉሆች። ሉሆቹ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሯቸው በግምት 10 በ15 ሚሊ ሜትር ሆነው ይቆረጣሉ። የጎማ ውታፍ አትጠቀሙ። ጎማ በሰልፈር የሚጠነክር ስለሆነ ብሩን የሚያጠቁረው ውታፉ ይሆንና ምንም የሌለበትን ቁስ ትጥሉታላችሁ።

ሉሆቹን በቃጫ መስታወት ብሩሽ እኩል እስኪያበሩ ፈትጉ። ለየብረቱ የተለየ ብሩሽ ይኑር፤ እርሳስ የነካ ብሩሽ ብሩ ላይ ቅሪት ይተዋል። የእርሳሱን ፍተጋ ጓንት ለብሳችሁ ጭስ መምጠጫ ውስጥ አድርጉ። ከዚያ በአሴቶን አጥባችሁ በንጹሕ ወረቀት ላይ አድርቁ፣ ከዚህ በኋላ ጣት አይንካቸው፣ በወረንጦ ብቻ ይያዙ። እርሳሱን መጨረሻ አጽዱት፤ በደቂቃዎች ውስጥ መደብዘዝ ይጀምራልና። በውታፉ ሥር ሦስት ስንጥቆች በምላጭ አውጥታችሁ ሉሆቹን እርስ በርስ ሳይነካኩ ሰክታችሁ አንጠልጥሉ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በእርጥበት ውስጥ ከተነካኩ ባትሪ ይሆናሉ፣ የምታዩትም ዝገት የቁሱ አይሆንም።

ቁሱን በቱቦው ታች አስቀምጡ፣ ውኃውን በትንሿ ቱቦ ሞልታችሁ አፏን በጥጥ ወትፋችሁ አስገቡ። ጥጡ ውኃው ቁሱ ላይ እንዳይፈስ ይከላከላል፣ እንፋሎቱን ግን ያሳልፋል። ከዘጋችሁ በኋላ ውታፉና ቱቦው የሚገናኙበትን በሙቀት በሚኮማተር ፖሊኦሌፊን ሽፋን አጥብቁ፣ መዝኑ፣ ቀን ጻፉና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ለ28 ቀን ተዉት። በየጊዜው ከፍቶ ማየት ሙከራውን ያበላሸዋል።

ቁሱን እንደምትጠቀሙበት አድርጋችሁ ነው መፈተን ያለባችሁ። ማጣበቂያ፣ ቀለምና ሲሊኮን በፖሊስተር ፊልም ወይም በመስታወት ላይ ተቀብተው በሥራው ቦታ ለመድረቅ የሚሰጣቸውን ያህል ጊዜ ያግኙ፤ ከዚያ ተልጠው ይመዘኑ። እርጥብ ቀለም ብትፈትኑ ይወድቃል፣ ውጤቱ ግን ስለ ደረቀው ቀለም ምንም አይናገርም። ጨርቅ ከሆነ እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ ፈትኑ። ያልተነከረው ነጭ አልፎ ጥቁሩ በሰልፈር ማቅለሚያ ምክንያት ብሩን ሊያጠቁር ይችላል። በአልትራቫዮሌት ብርሃን በሚጠነክር ሬዚን በሦስት አውታር (3ዲ) ማተሚያ የተሠራ የዕቃ ድጋፍ ካላችሁም ታጥቦና ድጋሚ ብርሃን ተሰጥቶት ካለቀ በኋላ ይፈተን። በውስጡ የቀረ ያልጠነከረ ሞኖመር በዓይን አይታይም።

ሙከራው ዋጋ የሚኖረው በባዶው ቱቦ ነው። ብረቶቹና ውኃው ብቻ ያሉበት፣ ቁስ የሌለበት ቱቦ ካላዘጋጃችሁ የቀረውን ባትጀምሩት ይሻላል። በ60 ዲግሪና በሙሉ እርጥበት መዳብ በራሱ ትንሽ ይቀላል፣ እርሳስም ይደበዝዛል ወይም ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ያወጣል። ይህ የተለመደ ነው። ባዶው ቱቦ ውስጥ ያለው እርሳስ ነጭ ዱቄት ካወጣ ግን ጥፋቱ ከመስታወቱ፣ ከውታፉ ወይም ከጽዳቱ ነው፣ የዚያ ዙር ውጤት በሙሉ ይጣል። በተቃራኒው ደግሞ እንደሚወድቅ የምታውቁትን ቁስ፣ ለምሳሌ የኦክ እንጨት ወይም ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን፣ በአንድ ቱቦ አስገቡ። እሱም ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ቱቦዎቻችሁ ያፈሳሉ። እያንዳንዱን ቁስ በሁለት ቱቦ ፈትኑ። በ28ኛው ቀን ስትመዝኑ ውኃው አብዛኛው የጠፋበት ቱቦ ውጤት አይቆጠርም፤ «አለፈ» የሚለው ሐሰተኛ ውጤት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ ነው። ሌላው የሚያሳስተው የውኃ ጠብታ ነው። ምድጃው እኩል ካልሞቀ እንፋሎት ሉሁ ላይ ይጠልና ክብ ክብ እድፍ ይተዋል።

ስታነቡ ሉሆቹን አውጥታችሁ ከባዶው ቱቦ ሉሆች ጎን በአንድ ብርሃን አስቀምጡና ፎቶ አንሡ። ከባዶው ካልተለየ ቁሱ ለቋሚ አገልግሎት ይሆናል። ትንሽ ለውጥ ካለ ለጊዜያዊ ማሳያ ብቻ ነው፣ እስከ ስድስት ወር። በግልጽ ከዘገ አይሆንም። በመካከለኛው ደረጃ ላይ ሁለት ሰዎች አይስማሙም፤ ስለዚህ ቁሱን የማያውቅ ሌላ ሰው ለየብቻው ይፍረድ። ለናንተ ጉዳይ እርሳሱን በጥብቅ አንብቡ። በእሱ ላይ ጥቂት ነጭ ነጠብጣብ ያሳየ ቁስ በሌላ ሙዚየም የብር ዕቃ አጠገብ ሊፈቀድ ይችላል፤ ከማኅተሞቹ ጋር ግን አንድ ቀን እንዳያድር። 28 ቀንን በዓመታት አትተርጉሙ። የ60 ዲግሪው ሙቀት አንዳንድ ፕላስቲኮችን፣ በተለይ ፖሊቪኒል አሴቴትን፣ ከመለስለሻ ነጥባቸው በላይ ያወጣቸዋል። በተራ ክፍል ሙቀት የማይሆነውን ስለሚያደርጉ አንዳንዱ ውድቀት የተጋነነ ነው። በጥንቃቄ በኩል መሳሳት ይሻላል።

አንድ ወር መጠበቅ ሳያስፈልግ ግልጽ ወዳቂዎችን ለመለየት ፈጣን ፈተናዎች አሉ። ለተናኝ አሲድ፦ ቁሱን በተዘጋ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ፣ በላዩ በትንሽ የመስታወት ጽዋ የ2 በመቶ ፖታስየም አዮዳይድ፣ የ4 በመቶ ፖታስየም አዮዴትና የ0.1 በመቶ ስታርች መፍትሔ ሁለት ሁለት ጠብታ አንጠልጥሉ፤ በ60 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይቆይ። አሲድ ካለ አዮዲን ይወጣና ስታርቹ ይሰማያል። ፎርማልዴሃይድን ግን አያይም፣ ስለዚህ ቀለም አለመምጣቱ ማለፍ አይደለም። ለክሎሪን፦ የመዳብ ሽቦ ነበልባሉ ቀለም እስኪያጣ አግላችሁ ፕላስቲኩን ንኩና ወደ እሳቱ መልሱ፤ አረንጓዴ ነበልባል ፒቪሲን ወይም ሌላ ሃሎጅንን ያመለክታል። ዩሪያ ያለባቸው ሙጫዎች አንዳንዴ ያለ ክሎሪን አረንጓዴ ይሰጣሉ። ጭሱ መርዛማ ነውና በጭስ መምጠጫ ውስጥ ብቻ። ለሰልፈር የሚሠራውን የሶዲየም አዛይድና አዮዲን ፈተና ልምድ ያለው ኬሚስት ከሌለ አትሞክሩት። አዛይድ ከአሲድ ጋር መርዛማ ጋዝ ይሰጣል፣ በመዳብ ወይም በእርሳስ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ከፈሰሰ ደግሞ ሊፈነዳ የሚችል ጨው ይፈጥራል።

ስለ ሲሊኮኑ፦ «ሽታ አልባ» የሚለው ቃል ጥሩ ምልክት ነው፣ ሙሉ መልስ ግን አይደለም። ሲደርቅ ኮምጣጤ የሚሸተው አሴቶክሲ ዓይነት ነው፤ የደኅንነት መረጃ ወረቀቱ ላይ «ትራይአሴቶክሲሲሌን» የሚል ካያችሁ መልሱት። ገለልተኛ የሚባሉት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሲደርቁ ኦክሲም የሚለቁና አልኮል የሚለቁ። ኦክሲም የሚለቀው መዳብን ሊያበላሽ ይችላል፣ እናንተ ደግሞ የመዳብ ሳንቲሞች አሏችሁ። አቅራቢውን አልኮክሲ ዓይነት ጠይቁት፤ እሱንም ፈትኑት።

ለሣጥኑ አካል የኔ ምርጫ እንጨትን ፈጽሞ መተው ነው። መስታወት፣ አሉሚኒየም፣ አይዝጌ ብረት፣ በሙሉ የጋገረ የፓውደር ቀለም ያለው ብረት፣ ለወለሉም አክሪሊክ ሉህ ወይም የአሉሚኒየም ሳንድዊች ፓነል። ኤምዲኤፉን መተው ካልተቻለ በቫርኒሽ መሸፈኑ አያድንም፤ ቀለምና ቫርኒሽ ጋዙን ያዘገዩታል እንጂ አያቆሙትም። የሚያቆመው አሉሚኒየምና ፖሊኢትሊን የተደራረበበት ፎይል በሙቀት ተጣብቆ ሲለብስ ነው። ጠርዞችን፣ የሚስማር ቀዳዳዎችንና የተቆረጠውን ጎን ከሁሉ በላይ ሸፍኑ፤ ጣውላው በብዛት የሚተነፍሰው በተቆረጠው በኩል ነው። በዘይት ወይም በአልኪድ ላይ የተመሠረተ ቀለም ውስጡን አትቀቡ፤ ሲደርቅም ሲያረጅም አሲድ ይለቅቃል። የውኃ አክሪሊክ ቀለም ከሆነ ከተቀባ በኋላ ቢያንስ አራት ሳምንት ክፍት ሆኖ ይናፈስ።

የሣጥኑ ጥብቀት ሁለት ፊት አለው። በቀን ከ0.1 ጊዜ ያነሰ አየር የሚለውጥ ሣጥን አቧራንና የእርጥበት መዋዠቅን በደንብ ይከላከላል፤ ያልተፈተነ ቁስ ያለበት ከሆነ ግን አሲዱን ያጠራቅማል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁሱ ይጥራ፣ ከዚያ ሣጥኑ ይጥበቅ። ገቢር ከሰል (ጋዝ እንዲመጥ የተዘጋጀ ከሰል) ማስገባት ይረዳል፣ ሲሞላ ግን ምልክት አይሰጥም፤ አጠገቡ ኤ-ዲ ስትሪፕ አስቀምጡና በየሦስት ወሩ ተመልከቱ። እርጥበቱንም ከ40 በመቶ በታች ለማቆየት ሞክሩ፤ ማኅተሞቹ ወረቀት ወይም ብራና ላይ ከተንጠለጠሉ ግን ይህን ድርቀት ብራናው አይችለውምና ከሰነድ ጠባቂው ጋር ተነጋገሩ።

ማኅተሞቹን ማከም ለብረት ቅርስ ጥገና ባለሙያ የሚተው ነው። ካርቦኔቱን በኬሚካል ማንሣትም ሆነ በኤሌክትሪክ ወደ ብረት መመለስ ይቻላል፣ ሆኖም የትኛው እንደሚስማማ የሚወስነው ከዱቄቱ ሥር የቀረው ጽሑፍና ምስል ነው። አንዳንዴ ጽሑፉ የሚገኘው በራሱ በዝገቱ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ዱቄቱን ማንሣት ማኅተሙን ማንሣት ይሆናል። ወደ ባለሙያው ስትልኩ የኤፍ ቲ አይ አር ውጤቱን፣ ከእያንዳንዱ ማኅተም በሁለቱም ፊት በጎን ብርሃን የተነሣ ፎቶና የቀድሞው ሣጥን ቁሶች ዝርዝር አያይዙ።

ያለፉትን ቁሶች ስትመዘግቡ የምርቱን ስም ብቻ አትጻፉ። የምርት ቁጥሩን፣ የተገዛበትን ቀንና የተፈተነውን ቁራጭ በከረጢት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ፋብሪካ ስሙን ሳይለውጥ ቅመማውን ይለውጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያው ሲሊኮን ሲገዛ አዲሱ ቱቦ እንደገና 28 ቀኑን ይቀመጥ።